የእናትዎን ሙዳይ አይጣሉት

እናትዎ ከወገል ጤና መጥተው ከእርስዎ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል እንበል። ዕድሜያቸው ሰማንያ ደርሷል። እርስዎ ጧት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው ወደ ሥራ ይገባሉ። ማታ ደክሞዎት ሲመለሱ እናትዎን በበሩ አጠገብ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ቆመው ያገኟቸዋል።

«በይ ልጄ፣ ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ። መሽቷልና ወደ ቤቴ ሸኚኝ» ይሉዎታል።

«እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ይኸው ነው» ይላሉ እርስዎ።

እናትዎ ግድግዳውን፣ ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን አንድ በአንድ ይመለከታሉ። አንዱንም አያውቁትም። እርስዎን ላለማስቀየም ሲሉ ብቻ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

በማግስቱ በዓል ደርሷልና ቤት ሲያጸዱ እናትዎ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡትን ጆንያ ከአልጋ ሥር ይስባሉ። በውስጡ እንዝርት፣ ክዳኑ የላላ ሙዳይ፣ የተሰነጠቀ ቅልና ቀለሙ የለቀቀ ሰፌድ አለ። ከደጅ የቆራሌው ድምፅ ይሰማል። «ይህ ኮተት ቦታ ከሚይዝብኝ ይውሰድልኝ» ብለው ይነሳሉ።

ውድ አንባቢያችን፣ ጆንያውን ከማውጣትዎ በፊት ጥቂት ይታገሱንና ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡልን። ለቆራሌው ሊሰጡት የተነሱት ጆንያ፣ እናትዎ በየማታው «ሸኚኝ» ወደሚሉት ቤት ከሚያደርሱት ጥቂት መንገዶች አንዱ ሊሆን ይችላልና ነው።

እርጅናና የመርሳት በሽታ

«እርጅና ብቻህን ና» ይላል ያገራችን ሰው። እርጅና ብቻውን እንደማይመጣ ስለሚያውቅ ነው። ጉልበት ይደክማል፣ ዓይን ይፈዛል፣ ጆሮ ይከብዳል፤ ስምና ቀጠሮም ይረሳል። ይህ ሁሉ ግን በሽታ ነው ማለት አይደለም። አንድ ሰው ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ረስቶ፣ ቆይቶ ካስታወሰው የሁላችንም ነገር ነው። ቁልፉን በእጁ ይዞ ለምን እንደሚያገለግል ከጠፋው፣ ዕድሜ ልኩን የተመላለሰበት መንገድ ከጠፋበት፣ አንድ ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ከደጋገመ ግን ነገሩ ከእርጅና ያለፈ ነው።

በየሠፈሩ እንዲህ ያሉትን አረጋውያን «ጃጁ» እያሉ መሳቅ የተለመደ ነው። ሐኪሞች ግን ነገሩን የመርሳት በሽታ፣ በእንግሊዝኛው አጠራር ዲመንሺያ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው፤ በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዲስ ሕሙማን ይጨመራሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አልዛይመር የተባለው ዓይነት ያለባቸው ናቸው። ስሙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙያ ባልደረቦቹ ከገለጸው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ እናትዎን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዷቸው። መርሳትን ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዳንዶቹ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ የአንዳንድ መድኃኒቶች ጠንቅ እንዲሁም የጆሮ መድከም አንድን ሰው የመርሳት በሽታ የያዘው ሊያስመስሉት ይችላሉ። በተለይ ትናንት ደኅና የነበሩ እናት ዛሬ በድንገት መቃዠትና መደናገር ከጀመሩ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ አስቸኳይ ሕመም ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀንም ማደር የለባቸውም። ከዚህ በታች የምንነግርዎ ሁሉ ሕክምናን የሚያግዝ እንጂ ሕክምናን የሚተካ አይደለም።

እጅ የማይረሳው ነገር

ለመሆኑ እናትዎ ዛሬ ጧት ምን እንደበሉ የማያውቁ ሲሆኑ፣ የስድሳ ዓመቱን የሠርጋቸውን ቀን እንዴት አጥርተው ይናገራሉ? ይህ ብዙ ቤተሰብን ያስገርማል፤ አንዳንዱንም «ሆን ብላ ነው» ያሰኛል። ሆን ብለው አይደለም።

አንጎላችን ትዝታን ሁሉ በአንድ ጎታ ውስጥ አያስቀምጥም። አዲስ ነገር የሚመዘገብበት ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል በአልዛይመር በሽታ ቀድሞ ይጎዳል። ስለዚህ የዛሬው ወሬ ሳይመዘገብ ያልፋል። ከብዙ ዓመታት በፊት የተመዘገበውና ብዙ ጊዜ የተነገረው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እጅ የተማረው ሥራ ደግሞ፣ መፍተሉ፣ መስፋቱ፣ ማበጠሩ፣ በሌላ የአንጎል ክፍል የሚያዝ ስለሆነ ከቃል ትዝታ ይልቅ ዘግይቶ ይጠፋል። የልጃቸውን ስም የረሱ እናት እንዝርት ቢሰጧቸው ጣታቸው መንገዱን ሊያገኝ የሚችለው ለዚህ ነው።

ከዚህም ሌላ የሥነ ልቡና አጥኚዎች ያረጋገጡት አንድ ነገር አለ። ሰው በእርጅናው ጊዜ አብልጦ የሚያስታውሰው ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ዕድሜው ያየውን ነው። ዛሬ ሰማንያ የሆናቸው እናት የተወለዱት በ1930ዎቹ መገባደጃ ነው። ትዝታቸው የሚበረታው እንግዲህ ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ባለው ጊዜ ላይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በደላንታ ደጋ በሚገኝ የገበሬ ቤት ሶፋ አልነበረም፤ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ የፕላስቲክ ጀሪካንም ገና አልተለመደም። የነበረው መደብ፣ እንስራ፣ ሰፌድ፣ ወፍጮ፣ የበግ ጠጉር ባናና ሙዳይ ነበር። እናትዎ የእርስዎን ሳሎን «ቤቴ አይደለም» ቢሉ ምን ያስደንቃል?

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አይጣፍጥም» ይባላል። ለአረጋውያን ግን የጉልቻው መቀያየር ብዙ ነገር ያበላሻል።

በጆንያው ውስጥ ያለው

ከጋሸና ወደ ሰሜን የታጠፈ መንገደኛ ላሊበላ ይገባል፤ ወደ ደቡብ የወረደ ደግሞ በቆን በኩል አልፎ የደላንታ ዋና ከተማ ከሆነችው ከወገል ጤና ይደርሳል። አገሩ ደጋ ነው፤ በገደል የተከበበ ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴና ምስር ይበቅልበታል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በ1860 ዓ.ም. ያለፉት በዚሁ በደላንታ በኩል ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የወገል ጤና ስም በኦፓል ማዕድን በዓለም ገበያ ታውቋል። የእናትዎ ወገል ጤና ግን የመድፉም የኦፓሉም አይደለችም፤ የጆንያው ውስጥ ናት። እስቲ አንድ በአንድ እናውጣው።

እንዝርቱ። ጥጥ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ ከዚያም ይፈተላል። ፈትሉ ድርና ማግ ይሆናል፤ ልቃቂቱም ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ይህን ሁሉ እናትዎ ያውቁታል። ጥቂት የተባዘተ ጥጥና እንዝርቱን አጠገባቸው ያኑሩ። «ፍተይ» ብለው አያዟቸው። እርስዎ ራስዎ አንስተው ይሞክሩት፤ ክሩም ይበጠስብዎት። ያን ጊዜ «እንዲህ አይደለም ልጄ፣ አምጪው» ሊሉ ይችላሉ። ባይሉም ምንም አይደለም፤ ጥጡን መዳበሳቸው ራሱ ያረጋጋቸዋል።

ሰፌዱ። በላዩ ሁለት ጭብጥ ምስር ያድርጉና ይስጧቸው። ማበጠርና መልቀም የእጅ ሥራ ነው። እናትዎ ከቤቱ ሥራ አንዱን ያዙ ማለት ነው። አረጋውያንን ከሚጎዷቸው ነገሮች አንዱ «አንቺ ተቀመጪ፣ አትነሽ» የሚለው ደግነት ነው። ምስሩ ከነጠጠሩ ቢመለስ ዝም ብለው ይቀበሉ፤ ማታ እንደገና ይልቀሙት።

ጀበናው። ቡና ሲቆላ ሽታው ቤቱን ያውዳል፤ ሽታ ደግሞ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ይልቅ ትዝታና ስሜት ወደሚያዙበት የአንጎል ክፍል በአቋራጭ ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ አልዛይመር የማሽተትን ችሎታ ቀድሞ ሊቀንስ ስለሚችል ሽታው ብቻ ላይበቃ ይችላል። ቡናው ግን ሽታ ብቻ አይደለም። የሙቀጫው ድምፅ አለ፤ የሲኒው ሙቀት አለ፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሥርዓት አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ለሚደናገር ሰው ዕረፍት ነው። እናትዎን ቡናውን አስቀምሰው ያስመርቋቸው። ንግግር የጠፋባቸው አረጋውያን ምርቃት ሳይጠፋባቸው ሊቆይ ይችላል።

ባናው። የደጋ ሰው ብርድን ያውቃል። የሚሻክረውን የበግ ጠጉር ባና እርስዎ ባይወዱትም ለእናትዎ ግን የልጅነት መኝታቸው ነው። በንጹሕ አንሶላ ላይ ቢደርቡላቸው እንቅልፋቸው ሊሻል ይችላል።

ሙዳዩ። ሙዳይ የሴት ልጅ ካዝና ነው። ድሪ፣ ጉትቻ፣ ማተብ፣ የጥጥ ክር፣ አንዳንዴም ሳንቲም ይቀመጥበታል። ሙዳዩን ራስዎ ከፍተው አይዘርግፉት። ለእናትዎ ይስጧቸውና እሳቸው ይክፈቱት። ከውስጡ አንድ ጉትቻ አውጥተው ለረጅም ጊዜ ቢያዩት አያቋርጧቸው።

ፈተና አያድርጉት

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው አንድ ነገር አለ። ዕቃውን እናነሳና «እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው? ማን ሰጠሽ? መቼ ነው?» እያልን እንጠይቃለን። ይህ ፈተና ነው። መልሱ የጠፋበት ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቆጣል ወይም ዝም ይላል።

በጥያቄ ፈንታ ወሬ ይጀምሩ። «ይህች ሰፌድ እንዴት ያለች ናት! አሰፋፏ እንዴት ያምራል» ይበሉና ይጠብቁ። ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ለደከመ አንጎል መልስ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ያቅርቡ። ቴሌቪዥኑን ይዝጉ። ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከድካም በፊት የሆነውን ሰዓት ይምረጡ፤ አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ማታ ላይ ይበልጥ ይደናገራሉና ከጧቱ ወይም ከምሳ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

የሚነግሩዎት ታሪክ ከእውነቱ ቢዛባ አያርሟቸው። የእህታቸውን ሠርግ የራሳቸው አድርገው ቢያወሩት ማን ተጎዳ? እርማት እውነቱን አይመልስላቸውም፤ ደስታቸውን ብቻ ይወስድባቸዋል። «ቤቴ ሸኚኝ» ሲሉም «ቤትሽ ይኸው ነው» ከማለት ይልቅ «ቤትሽ እንዴት ያለ ነው? በሩ በየት በኩል ነው?» ይበሏቸው። አገርዎ ወሎ ነውና «አብሽሪ» ማለትን ያውቁበታል። ያን ጊዜ «ቤት» የሚሉት ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን ሰላም የነበሩበትን ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ይረዳሉ።

ዕቃ የሚቀሰቅሰው ሐዘን

ትዝታ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። ይህን ሳንነግርዎ ብናልፍ በደልን። የወሎ እናት የሠላሳ ዓመት ዕድሜዋ የሠርግና የክርስትና ዘመን ብቻ አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የነበረው ረሀብ ወሎን እንዴት እንዳደረገው ይታወቃል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ መጥቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ለሰፈራ ወደ ደቡብ ምዕራብ አገር ሄዶ ተለያይቷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት እንዲሁ የወሎ ከተሞችና ገጠሮች ተጎድተዋል።

እንግዲህ ወፍጮን ያሳዩአቸው እናት የሴቶቹን የሌሊት እንጉርጉሮ ያስታውሱ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ወፍጮው የሚፈጨው አጥቶ ዝም ያለበትን ዓመት። ባዶ ስልቻ ለአንዷ እናት የመኸር ትዝታ ነው፤ ለሌላዋ ልጇን የቀበረችበት ወር ነው። ስለዚህ ዕቃ ከማቅረብዎ በፊት ታሪካቸውን ከሚያውቁ ዘመዶች ይጠይቁ። እናትዎ ቢያለቅሱ አይደንግጡ፤ «ተይ፣ አታልቅሺ» ብለውም አያፍኗቸው። እጃቸውን ይያዙና አብረው ይቀመጡ። ለሃምሳ ዓመት ያልተለቀሰ ልጅ ዛሬ ቢለቀስለት ነውር የለበትም። ዕቃው በየጊዜው ጭንቀት ብቻ የሚያመጣባቸው ከሆነ ግን ያርቁትና ሌላ ይሞክሩ።

ለዕለት ኑሮ የሚረዱ ምልክቶች

የቤት ዕቃ የድሮውን ለማስታወስ ብቻ ሳይሆን የዛሬውን ለመምራትም ያገለግላል። ገንዘብ ያላወጡባቸው ጥቂት ዘዴዎችን እንንገርዎ።

አንደኛ፤ ዕቃ ቦታውን አይልቀቅ። ነጠላው በአንድ ምስማር ላይ፣ ምርኩዙ በአንድ ጥግ፣ የውኃው ኩባያ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ይሁን። ለበዓል ብለው የቤቱን ዕቃ አያዘዋውሩ።

ሁለተኛ፤ የመጸዳጃ ቤቱን በር ይለዩት። እናትዎ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ጽሕፈት አይረዳቸውም፤ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ወይም የሚያውቁት ዕቃ በበሩ ላይ ይንጠልጠል። ሌሊት ትንሽ መብራት ይብራ።

ሦስተኛ፤ ቀኑን በሚያውቁት መንገድ ይንገሯቸው። «ዛሬ ማክሰኞ ነው» ከማለት «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ አሥራ ሁለት ነው» ቢሏቸው ወይም ለእስላም እናት «ዛሬ ጁምዓ ነው» ቢሏቸው ቀኑ መልክ ያገኛል። የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ በትልቁ የተጻፈ ይሁንና በየማለዳው አብራችሁ ተመልከቱት። መቁጠሪያው ወይም መስበሃው በእጃቸው ይሁን።

አራተኛ፤ መድኃኒትን በዘፈቀደ አይተዉ። የጧቱን በነጭ ሲኒ፣ የማታውን ባለ አበባ በሆነው ሲኒ አድርገው ሰው በእጁ ይስጣቸው። ሲኒው ባዶ ከሆነ ተውጧል ማለት ነውና ሁለት ጊዜ ከመዋጥ ያድናል። የቀረውን መድኃኒት ግን ቆልፈው ያስቀምጡ፤ ሕፃናትም አሉና።

አምስተኛ፤ በነጠላቸው ጫፍ ላይ ስምና የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ይስፉ። ዱሮ እናቶቻችን በነጠላ ጫፍ ሳንቲም ይቋጥሩ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የሚመለሱበትን መንገድ እንቋጥርላቸው።

ከዚሁ ጋር ማስጠንቀቅ የምንወደው አንድ ነገር አለ። የትዝታ ዕቃ ሲያቀርቡ አደጋ አብረው እንዳያቀርቡ። እጅ የማይረሳ ስለሆነ እናትዎ ብርድ ሲሰማቸው ከሰል አቀጣጥለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሊያስገቡ ይችላሉ። የከሰል ጢስ የማይታይ መርዝ አለው፤ ሰው ተኝቶ በዚያው ይቀራል። ክብሪት፣ ላምባ፣ የጋዝ ምድጃና ስለታም ቢላዋ ከእጃቸው ይራቁ። ከባድ መጅና ዘነዘና ለማየት እንጂ ብቻቸውን ለማንሳት አይስጧቸው።

ሌላው ዓለም ምን ይላል?

ይህ ነገር የእኛ ቤት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሮበርት በትለር የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጽሑፍ አረጋውያን ያለፈውን ማንሳታቸው የመጃጀት ምልክት ሳይሆን ሕይወታቸውን የሚገመግሙበት ተፈጥሯዊ ሥራ መሆኑን አስረድቷል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የትዝታ ሕክምና የሚባል ልማድ ተስፋፍቷል። በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ የሚገኘው ዴን ጋምሌ ቢ የተባለ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የነበረውን ቤት ከነምድጃው ከነሲኒው አዘጋጅቶ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን ቡና ያጠጣል። የሊቨርፑል ሙዚየሞች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አስታማሚዎችን ያሠለጥናሉ፤ የዱሮ ዕቃ የሞላበት ሻንጣም ያውሳሉ።

ጥቅሙ ግን ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ተስፋን ማጋነን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 በኮክሬን አማካይነት የወጣ ግምገማ 22 ጥናቶችን መርምሮ፣ የትዝታ ሕክምና የኑሮን ደስታ፣ መግባባትንና ስሜትን በመጠኑ ሊያሻሽል እንደሚችል፣ ውጤቱ ግን አነስተኛና ከቦታ ወደ ቦታ የሚለያይ መሆኑን ገልጿል። በሽታውን አያድንም። እንዝርት የሞተ የአንጎል ሕዋስ አያስነሳም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ያለ እንባ፣ ያለ «ሸኚኝ» እንዲያልፍ ሊረዳ ይችላል። አስታማሚ የሆነ ሰው የአንድ ከሰዓት በኋላን ዋጋ ያውቀዋል።

በአገራችን የሙዚየም ሻንጣ ባይለመድም ቦታው አለ። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የየብሔረሰቡን ዕቃ ያዘጋጀው በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሞት። እናትዎ መራመድ ከቻሉ ጥዋት ይውሰዷቸው። እሳቸው ያስጎብኙዎት።

ዕቃው የጠፋበት ቤትስ?

«የእኛ ቤት ዕቃ በጦርነቱ አልቋል» የሚሉን አንባብያን እንዳሉ እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የደሴ ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል፤ የግለሰብ ቤት ምን ይተርፋል? ሌላው ደግሞ ቤቱ በልማት ምክንያት የተነሳበት ነው። በላሊበላ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ፣ በድንጋይ በተሠሩት ክብ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። ቅርሱን መጠበቅ ተገቢ ነው። ከክቡ ቤት ወደ አራት ማዕዘኑ ቤት የገቡ አረጋዊት ግን አልጋቸውን በየት በኩል እንደሚፈልጉ ሰው ሊያስብላቸው ይገባል።

እንዲህ ላለው ቤት መልሱ ቀላል ነው። የግድ ያው ዕቃ መሆን የለበትም፤ ዓይነቱ ይበቃል። ከገበያ የተገዛ አዲስ እንዝርት፣ የጎረቤት ሰፌድ፣ አንድ ቁና ገብስ ያው ሥራ ይሠራል። ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ካለ ቅቤና ማር ከማምጣት ይልቅ የጓሮውን ጤና አዳም፣ የቤታቸውን በር ፎቶግራፍ፣ የጎረቤቶቻቸውንም ድምፅ በስልክ ቀድቶ ያምጣ።

ልጅም ዘመድም የሌላቸው አረጋውያን ደግሞ አሉ። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ የተቋቋመው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከልን የመሰሉ ድርጅቶች ከጎዳና ያነሷቸዋል። እነዚህ አረጋውያን ሙዳያቸው የት እንደቀረ የሚነግርላቸው ሰው የለም። ለመጠየቅ ሲሄዱ ከብርቱካኑ ጋር ጥቂት የተባዘተ ጥጥ ይያዙ።

ለራስዎም ያስቡ

በመጨረሻ ስለ ራስዎ እንነጋገር። እናት የሚያስታምም ሠራተኛ ሰው ይደክመዋል፤ አንዳንድ ማታም ይጮኻል፤ ከዚያ ይጸጸታል። ይህ የብዙዎች ነገር ነውና ብቻዬን ነኝ አይበሉ። ወንድሞችዎን በወር ገንዘብ ከመላክ ባሻገር ቅዳሜን እንዲቀመጡላቸው ይጠይቋቸው። እናት የሁሉም እናት ናት።

እ.ኤ.አ. በ2024 በላንሴት መጽሔት የወጣ የሊቃውንት ጥናት ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ መከላከል ወይም ማዘግየት ከሚቻሉ 14 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድቷል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮና የዓይን መድከም፣ ሲጋራ፣ ብቸኝነት፣ የትምህርት እጦት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ግፊትዎን ይለኩ። ከሰው ጋር ይዋሉ። ሴት ልጅዎን ያስተምሩ።

ልጆችዎንም ከአያታቸው ጋር ያስቀምጧቸው። ልጅ አይፈትንም፤ አያፍርም፤ አንድ ታሪክ አሥር ጊዜ ቢነገረው አይሰለችም። ትልቁ ልጅ አያቱ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ የተናገሩትን በደብተር ይጻፍ፤ ዕቃውም ላይ ቁጥር ይለጥፍ። አያት የረሱትን ልጁ ያነብላቸዋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያችን፣ ቆራሌው አሁንም በደጅ እየተጣራ ነው። የተሰበረውን ወንበርና አሮጌውን ብረት ምጣድ ይስጡት። ጆንያውን ግን ወደ ሳሎን ያስገቡ። ሰፌዱን ከግድግዳው ላይ ይስቀሉ፤ ባናውን ከሶፋው ጫፍ ላይ ያንጥፉ፤ ሙዳዩን እናትዎ በሚቀመጡበት አጠገብ ያኑሩ። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ምናልባት እናትዎ አሁንም በበሩ አጠገብ ቆመው ያገኟቸው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ተቀምጠው፣ እንዝርቱን ይዘው፣ «ደኅና ዋልሽ ልጄ፤ ግቢ፣ ቤት ለእንግዳ» ይሉዎታል። እንግዳ ቢያደርጉዎም ይግቡ። ቤቱ የእሳቸው መስሏቸዋል ማለት ነውና።